የይበልጣል ኮት የሄደበት መንገድ

ከባለቤቴ ከይበልጣል ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የፍየል ቆዳ መወጠር ነበር። ሐሙስ ጠዋት ነው። ቆዳው ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ለስልሷል። እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ቆመን፣ ዳር ዳሩን ያሰርንበትን ገመድ በእንጨቱ ክፈፍ ላይ እያሳለፍን እንስባለን።

«ሳቢ እንጂ ትርንጎ! እንዲህ ነው የሚሳበው?»

«ክንዴ ተነቀለ እኮ!»

«መወጠር ያለበት ቆዳው ነው፤ ፊትሽ አይደለም።»

ሳቅን። እጁን በቡናማው ኮቱ ጠረገ። በኮቱ አትጥረግ ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ ቁርስ በላን። ሌላ የተለየ ነገር አልተባባልንም። ቅዳሜ ጠዋት የተጠቀለለ ብራና ሊልክ ወደ ፖስታ ቤት ሲሄድ መንገድ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉኝ። ሐሙስ የወጠርነው ቆዳ ሳይፋቅ፣ ከነፀጉሩ ክፈፉ ላይ ደረቀ።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ግማሽ ገጽ የሞላሁበት ቀን ብዙ የሠራሁበት ቀን ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለረጅም ዓመታት አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምሬአለሁ። መጻፍ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሆነብኝ የምጽፈው ጉዳይ ነው። ኢንተርኔት የሚባለውን ነገር እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስልኬ ውስጥ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

ይበልጣል የደብረ ወርቅ ልጅ ነው። አባቱ ለጸሐፊዎች ብራና እየፋቁ ነው ያሳደጉት። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት «የፋቂ ልጅ» እያሉ ሲሰድቡት፣ ከቆዳ ሽታ ርቆ ለመኖር ምሎ ማርቆስ መጣ፤ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ፀጉሩ እስኪሸብት ደብዳቤ ሲለይ ኖረ። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ግን ደብረ ወርቅ ሄዶ የአባቱን መፋቂያ ይዞ ተመለሰ። «ምነው?» ብለው «እጄ ሲፈልገው ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አለኝ።

መጀመሪያ ላይ የሚገዛን የደብረ ወርቅ ጸሐፊ ብቻ ነበር፤ እሱም በዓመት ጥቂት ነው። አንድ ቀን ይበልጣል «ገዥው አለ፤ መንገዱን ነው የማያውቀው» ብሎ ተነሣ። ኢንተርኔት ላይ ገጽ አሠራ። ስሙን በላቲን ፊደል «ይበልጣል ብራና» አሰኘው። የብራናውን ስፋት፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ እሾህ የጫረው ቆዳ ምን እንደሚመስል ሳይቀር ፎቶ እያነሣ ለጠፈበት። «ጠባሳውን ለምን ታሳያለህ?» ስለው «ያላየውን ጠባሳ ቤቱ ሲደርስ ያየዋል፤ ያን ጊዜ እኔ ሌባ ነኝ» አለኝ። ጥቂት ወራት ቆይቶ አዲስ አበባ ያለች አንዲት ሠዓሊ ጻፈችልን። ከዚያ መጽሐፍ የሚጠርዝ ሰው፣ ከዚያ ውጭ አገር የግእዝ ጽሕፈት የሚያስተምር ሰው። አንዳቸውንም በዓይናችን አላየናቸውም።

እኔ እጠይቀዋለሁ፤ መጠየቅ የአስተማሪ አመል ነው። «እሷ አዲስ አበባ ሆና ስማችንን ስትጽፍ ስልኳ የኛን ቤት በምን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም» አለኝ። «ማርቆስ ውስጥ ቤት ቁጥር ይዞ የመጣ እንግዳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ጠይቆ ነው የሚመጣው። ስልኳም ይጠይቃል። አንዱ ጠያቂ ሌላውን ይጠይቃል፤ የሚያውቀው እስኪገኝ። የሚያውቀው ‹እዚህ ማሽን ላይ ነው ያለው› ብሎ በቁጥር ያመለክታል።»

«ማሽኑስ የታለ?»

«ሌላ አገር። ቀንም ሌትም የማይጠፋ ማሽን ነው። እኛ ሁለት ነገር ተከራይተናል፤ አንድ ገጹ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ አንድ ስሙን። ስሙ እንደ ፖስታ ሣጥን ነው፤ በየዓመቱ ካላደስሽው ለሌላ ይሰጣል።»

«መልእክቱስ በአንድ ጊዜ ነው የሚሄደው?»

እዚህ ላይ ደስ ይለው ነበር። «ትልቅ የብራና መጽሐፍ ብትልኪ ጥራዝ በጥራዝ ፈትተሽ፣ ቁጥር ሰጥተሽ፣ ባገኘሽው መንገደኛ ሁሉ ትልኪዋለሽ። አንዱ በቢቸና ይሄዳል፣ አንዱ በሌላ መንገድ። እያንዳንዱ መንገደኛ የሚያውቀው የሚቀጥለውን ሰው ብቻ ነው። ተቀባዩ በቁጥሩ መልሶ ይጠርዘዋል። አንድ ጥራዝ ከጎደለ ‹ይህ አልደረሰኝም፤ ድገሚው› ይላል። ይኸው ነው።»

ሰምቼው አለፍኩ። በእግሬ እንደምማረው በምን አውቄ።

*

አርባው ከወጣ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ፣ ሠዓሊዋ ደወለች። መርዶውን አልሰማችም ነበር።

«ጋሽ ይበልጣል አሉ? ገጻችሁ አልከፈት አለኝ። ሥራ አቆማችሁ እንዴ?»

ነገርኳት። አለቀሰች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በይበልጣል ትልቁ ስልክ የሚመጡትን ደብዳቤዎች ከፈትኩ። አዲስ አበባ ካለው ስም አከራይ ድርጅት ሦስት ደብዳቤ ደርሶ ኖሯል። በለቅሶው መሐል አይቼአቸው «አጭበርባሪዎች ናቸው» ብዬ ያለፍኳቸው ናቸው። ኢንተርኔት ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ ሁሉ «የማታውቁትን አትክፈቱ» ሲል ነው የከረመው።

ስልኩን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወዳላት ወደ ሰላም ሄድኩ። ሰላም ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ለሰው ቅጽ ትሞላለች፤ አፏም እጇም ፈጣን ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰላም ሁለት ጊዜ ስታነብ ነገሩ ከባድ ነው።

«እትዬ፣ የስሙ ጊዜ አልፏል። እስከ ዓርብ ማታ ካልታደሰ ለፈለገ ሰው ይለቀቃል።»

«ገጹስ ጠፋ?»

«ገጹ የተቀመጠበት ማሽን ላይ አለ። የጠፋው ወደሱ የሚያመለክተው ስም ነው። ቦታውንም የሚያስተዳድሩት በዚሁ መዝገብ ስለሆነ፣ እዚህ ካልገባን ምንም ማውጣት አንችልም።»

ገጹ ላይ አንድ ቪዲዮ አለ። ይበልጣል ብራና እንዴት እንደሚወጠር የሚያስረዳበት ነው። የቀረጸበት ስልክ ውኃ ውስጥ ወድቆ ከተበላሸ ቆይቷል። የባለቤቴ ድምፅ ያለበት ሌላ ቦታ በዚህ ዓለም የለም። ደግሞ ስሙ፤ «ይበልጣል» የሚለው ስም ለማላውቀው ሰው ሊከራይ ነው። ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«የይለፍ ቃሉን ያውቁታል?»

«ደብተሩ ላይ ጽፎታል።»

«ኧረ ጎበዝ ሰውዬ! ስንቱ ይዞት ይሞታል…» ብላ ከንፈሯን ነከሰች። «ይቅርታ እትዬ።»

«ግድ የለም፤ ጻፊው።»

ጻፈችው። ማሽኑ ተቀበለና ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ በስልክ የተላከውን ኮድ አስገቡ ይላል። የስልኩ መጨረሻ ሁለት ቁጥር ይታያል። የትልቁ ስልክ አይደለም፤ የትንሿ ነው። ይበልጣል ከፖስታ ቤት ዘመኑ ጀምሮ የያዛት ባለ ቁልፍ ስልክ ነበረችው። «ይቺን ሌባ አይመኛትም» እያለ ቁም ነገሩን ሁሉ የሚያስመዘግበው በሷ ነው።

ደወልኩላት። አይሠራም። ድርጅቱ ዘንድ ደወልን፤ ስልኩን ያነሣው ልጅ ትሑት ነው፤ «ሐዘንዎን እጋራለሁ። ኮዱ ካልተገኘ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያስፈልጋል» አለ። ሲም ካርዱን ለማስቀየርም ያው ማስረጃ ነው። እሱ ደግሞ በሁለት ቀን አይወጣም።

«ስልኳ የት ገባች እትዬ? ያስቡ እስቲ።»

ማሰብ አላስፈለገኝም። ትንሿ ስልክ ሁልጊዜ የምትቀመጠው በቡናማው ኮት የውስጥ ኪስ ነው። ኮቱን ደግሞ በሠልስቱ፣ እንደ ደንባችን፣ ከሌላው ልብሱ ጋር ለንስሐ አባታችን ሰጥቼዋለሁ። አጣጥፌ፣ ኪሱን ሳላይ። በሠላሳ ዓመት ትዳር የይበልጣልን ኪስ ፈትሼ አላውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር። እንኳን በሞተ በሦስተኛው ቀን።

*

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሚኒባስ ያዝኩ። የንስሐ አባታችን መምሬ አስረስ ደብረ ወርቅ ናቸው። ጥቁር ለብሼ ስላየችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ማን ሞቶብሽ ነው እኅቴ?» አለችኝ። «ባለቤቴ።» «እግዚአብሔር ያጥናሽ። የት ትሄጃለሽ?» «ኮቱን ፍለጋ» አልኳት፤ ምን እንደምል ጠፍቶኝ። ሴትዮዋ እስከ ቢቸና ድረስ እጄን ይዛ ሄደች። አእምሮዋን ስታለች ብላ ሳይሆን አይቀርም።

መምሬ አስረስን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲወጡ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩ።

«ልጄ ትርንጎ! ምን እግር ጣለሽ?»

«አባቴ፣ ያን ኮት ፈልጌ ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። ለነፍስ የተሰጠ ነገር መልሶ መጠየቅ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ቶሎ ብዬ ስለ ስልኳ ነገርኳቸው።

«ኪሱን አላዩትም አባቴ?»

«አንቺ ሚስቱ ያልፈተሽሽውን የሙት ኪስ እኔ ልፈትሽ?» አሉ፤ ተቆጡ ማለት ይቻላል። ወዲያው ግን ለስለስ አሉ። «ኮቱ ጠበበኝ። ይበልጣል እንደሆነ እንደ ቄጤማ ቀጭን ነበር። ለደምሌ ሰጠሁት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ። ከደምሌ ወዲያ ያለውን እኔ አላውቅም፤ እሱን ጠይቂ።»

ደምሌ ሌሊቱን ጠብቆ አድሮ ተኝቷል። ሚስቱ «ተነሥ፣ ከማርቆስ ድረስ ኮት ፍለጋ መጥተውብሃል!» እያለች ቀሰቀሰችው። ዓይኑን እያሻሸ ወጣ።

«ኮቱ? ጉንደ ወይን ነው። የሷ የሚስቴ ወንድም፣ ጌታሁን፣ ወገቡን ብርድ መትቶት መጥቶ ሲያቃስት አሳዘነኝና አለበስኩት።»

«ኪሱ ውስጥ ትንሽ ስልክ አልነበረም?»

«የውስጡን ነው? እሱ ኪስ ይባላል? ቀዳዳ ነው እንጂ። እጄን ብሰደው በማዶ ወጣ።»

ያን ቀዳዳ አውቀዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ «ነገ እሰፋዋለሁ» ስለው የከረመ ቀዳዳ ነው። የዚያን ቀን ደምሌ ደጃፍ ላይ ቆሜ በራሴ አፈርኩ። ስልኳ መንገድ ላይ ወድቃለች ማለት ነው ብዬ ልመለስ አስቤ ነበር። ግን ልመለስስ ወዴት ነው የምመለሰው? ወደ ሰላም ኮምፒውተር ሄጄ «ስሙን ልቀቁት» ልል?

«የጌታሁን ስልክ ስንት ነው?»

«ስልክ የለውም። ገበያ ውስጥ ገመድ ተራ ጠይቂ፤ እዚያ ያሳዩሻል።»

ወደ ጉንደ ወይን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው ነገሩ የገባኝ። መምሬ አስረስ የሚያውቁት እስከ ደምሌ ነው። ደምሌ የሚያውቀው እስከ ጌታሁን ነው፤ እሱንም እስከ ገመድ ተራ ድረስ። መንገዱን ከነመጨረሻው የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ሆኖም እየሄድኩ ነው፤ ደግሞ ወደ ትክክለኛው ቦታ ነው የምሄደው። ይበልጣል ሲያስረዳኝ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ብዬ አላመንኩትም ነበር፤ ሁሉን የሚያውቅ አንድ አለቃ መኖር አለበት ብዬ ተከራክሬዋለሁ። «የለም፤ ደግሞ ባይኖር ነው የሚሻለው» ብሎኝ ነበር። «አለቃው ቢታመም ማን ያደርሰዋል?» እዚያ ወንበር ላይ፣ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳላለቅስ አሰብኩት።

*

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጉንደ ወይን ደረስኩ። የገበያ ቀን ነው። ገመድ ተራ ስደርስ የይበልጣልን ጀርባ አየሁት።

ሌላ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ኮቱ ትከሻው ላይ የያዘው ቅርጽ የይበልጣል ነው፤ ክርኑ ላይ የተለጠፈው የኔ ስፌት ነው። አንዲት ገመድ ሻጭ «ኧረ ሴትዮዋን ያዟት!» ስትል ሰማሁ። ሰውዬው ዘወር አለ። ጢማም፣ ደስ የሚል ፊት ያለው፣ የማላውቀው ሰው ነው።

ውኃ አጠጡኝ። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ነገርኩት። ጌታሁን ወዲያው ኮቱን ማውለቅ ጀመረ።

«ውሰጂው እመቤቴ። የሟች አደራ ያለበት መሆኑን ብሰማ መቼ እለብሰዋለሁ።»

«ኮቱን አይደለም ወንድሜ። ስልክ ነው የምፈልገው፤ ትንሽ ናት። አላየህም?»

«ስልክ? ስልክ የለውም» አለና፣ እጁ ሳያስበው ወደ ኮቱ የታችኛው ጠርዝ ሄዶ አንድ ነገር ጨበጠ። አስተማሪ ነኝ፤ ልጅ የደበቀውን ነገር ከእጁ አካሄድ አውቃለሁ።

«እሱስ ምንድን ነው?»

«ይኸማ ሌላ ነው።»

«ምን?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክታብ ነው። ከገበሩ ሥር የተሰፋ። የደብረ ወርቅ ሰው ኮት አይደል? ከለበስኩት ጀምሮ ወገቤ ተሽሎኛል። ፈትቼውም አላውቅ፤ አንቺም አትንኪው።»

«ጌታሁን፣ ባለቤቴ ክታብ አይዝም ነበር። ኪሱ ቀዳዳ ነው። ወድቃ ከገበሩ ሥር ገብታ ነው።»

«አይደለም።»

«አስነካኝ።»

«እንቢ።» ልጅ መሰለኝ። «ወገቤ ቢመለስስ? ገመዱን ማን ይሸጥልኛል? አንቺ?»

ያቺ ገመድ ሻጭ ሴት ከጎን ሆና «ጌታሁን፣ ክታብህ ለአባትህ ቤት ይደውላል እንዴ?» አለች። ተራው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ይህ ሰው ቢያኮርፍና ጥሎኝ ቢሄድ ሁሉ ነገር እዚያው ያበቃል። ሰላምን አሰብኩ፣ ዓርብን አሰብኩ፣ ድምፁን አሰብኩ።

«እንዲህ እናድርግ» አልኩት። «አንተ ራስህ ፍታው። ክታብ ከሆነ እኔው በእጄ መልሼ እሰፋልሃለሁ፤ መስፋት አልነሣኝም። ስልክ ከሆነች ለኔ ትሰጠኛለህ፤ ኮቱ ያንተ ነው።»

ብዙ አሰበ። ከዚያ የገመድ መሥሪያ ወስፌውን አነሣና የጠርዙን ስፌት አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ሰው ሁሉ ከበበን። ከገበሩ ሥር መጀመሪያ የጠርሙስ ክዳን ወጣ፤ ከዚያ የፖስታ ቤት እርሳስ ቁራጭ፤ ከዚያ ትንሿ ጥቁር ስልክ።

ጌታሁን በመዳፉ ይዞ አያት። «ታዲያ ወገቤን ማን ፈወሰው?»

«ሙቀቱ ነዋ፣ አንተ ቆርፋዳ!» አለች ሴትዮዋ። ያን ጊዜ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ እንባ እስኪወጣው።

ያቺን ቀዳዳ በጊዜው ሰፍቼ ቢሆን ኖሮ ስልኳ ኪስ ውስጥ ትቀር፣ ከእጅ ወደ እጅ ስታልፍ አንዱ ጋ ትጠፋ ነበር። ይህን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

*

ጌታሁን ወደ አንድ ሱቅ ወሰደኝ፤ ለእንደዚህ ዓይነት ስልክ የሚሆን ቻርጀር ያለው እሱ ብቻ ነው። ለሰላም ደወልኩላትና «ተቀመጪ፤ እንዳትንቀሳቀሺ» አልኳት። ሩብ ሰዓት ያህል ከሞላች በኋላ ከፈትኳት።

ስክሪኗ ላይ የመጣው መጀመሪያ ኮድ አይደለም። «ቤት፤ ሦስት ያልተነሡ ጥሪዎች።» ያ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቁርስ ቀዘቀዘ ልለው የደወልኩለት። ስሜን ሳይሆን «ቤት» ብሎ መመዝገቡን አላውቅም ነበር። ባለሱቁ የሚሸጠውን ሳሙና ማስተካከል ጀመረ፤ እንዳያየኝ።

«እትዬ? አሉ? ኮዱን ላስልከው?»

«አስልኪው።»

ጠበቅን። የኔትወርኩ ምልክት አንድ መስመር ነው፤ ሄደ፣ መጣ። ኮዱ ደረሰ። ቁጥር በቁጥር አነበብኩላት።

«ጊዜው አለፈ ይላል! ዘግይቶ ነው የደረስዎት። እንደገና!»

ሱቁ ውስጥ ከቆምን ኔትወርክ የለም። ጌታሁን ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቅሎ ስልኳን ይዞ ወደ መንገዱ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ኮረብታ ቢጤ ላይ ቆሞ ስልኳን ወደ ላይ ዘረጋት። ባትሪዋ አንድ መስመር ቀርቷታል። ጮኸች።

«አንብቢው! አንብቢው!» ይላል ጌታሁን፤ የምን ኮድ እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ።

አነበብኩ። በወዲያኛው ስልክ የሰላም ጣቶች ሲንኳኩ ይሰማኛል።

«ገባሁ እትዬ! ገባሁ!»

ማደሻውን ከሷ ሂሳብ ወዲያው ከፈለች፤ ወዲያውም «ስሙ ታድሷል» የሚል ደብዳቤ ደረሰ። እፎይ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰላም ግን ጥቂት ቆይታ መልሳ ደወለች፤ ድምፅዋ ወድቋል።

«እትዬ… አይከፈትም። ታድሷል ይላል፤ ገጹ ግን አይከፈትም። አበላሽቼው ይሆን?»

ፈራሁ። ከዚያ ግን የፖስታ ቤት ሰው ድምፅ በጆሮዬ መጣ። «ሰላም፣ አልተበላሸም» አልኳት። «ስልካችን የሚጠይቃቸው አመልካቾች፣ ‹ያ ቤት የለም› የሚለውን የትናንቱን ወሬ ነው የያዙት። መንገድ ላይ የምትጠይቂው ሰው ጎረቤት የተመለሰ ቀን ወዲያው ይሰማል? ሰዓታት ይፈጃል። አንዱ ቀድሞ ይሰማል፣ አንዱ ዘግይቶ። ዝም ብለሽ ጠብቂ።»

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«ባለቤቴ።»

የዚያን ዕለት ጉንደ ወይን አደርኩ። ዓርብ ጠዋት ደብረ ወርቅ ላይ መምሬ አስረስን ላመሰግን ወርጄ፣ ደጃቸው ተቀምጠን ሳለን ከሠዓሊዋ መልእክት መጣልኝ። «እትዬ፣ ገጻችሁ ተከፈተልኝ!» ይላል። የኔ ስልክ ላይ ሞከርኩ፤ ገና ነው። እሷ አዲስ አበባ ሆና ቤቴን ታያለች፤ እኔ የቤቱ ባለቤት አላይም። ሳቄ መጣ። እንደገና ሞከርኩ። በአራተኛው ገጹ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ፎቶው፣ ጠባሳው፣ ቪዲዮው።

ነካሁት።

«ቆዳው እርጥብ ሳለ ነው የሚወጠረው» አለ ይበልጣል። «ከደረቀ ወዲያ ማንም አያቃናውም። ያንን ጫፍ የያዘችው ባለቤቴ ናት። ምስሉ ላይ እጇ ብቻ ነው የሚታየው፤ እሷ ባትይዝ ግን ይህ ሥራ የለም።»

መምሬ አስረስ ቆባቸውን አወለቁ። «እሱ ነው?»

«እሱ ነው አባቴ።»

«ይኸ እጅ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

ቪዲዮውን ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ዓረፍተ ነገር ግን ልብ ብዬ አልሰማሁትም ነበር። ሲቀረጽ ክንዴ አሞኝ ነበርና እስኪጨርስ እያጉረመረምኩ ነው ያለፈኝ።

*

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት ሱቅ አላችሁ፣ ምናልባት ማር ወይም ጋቢ በስልክ ትሸጣላችሁ። ስማችሁ የት እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደሚታደስ፣ ኮዱ በየትኛው ስልክ እንደሚመጣ ለአንድ ሰው ንገሩ። ጽፋችሁም አስቀምጡ። ይበልጣል የይለፍ ቃሉን ጽፎልኛል፤ ስለ ስልኳ ግን አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ኪስ አለመፈተሽ ጨዋነት ነው። አለመጠየቅ ግን ጨዋነት እንዳልሆነ ተምሬአለሁ።

ሌላም ነገር ተለወጠብኝ። ድሮ ኢንተርኔት የማሽን ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጥያቄና መልስ ነው። የማይተዋወቁ ጠያቂዎች «እኔ አላውቅም፤ እሱን ጠይቅ» እየተባባሉ አንዱን እንግዳ አንድ ደጃፍ ያደርሱታል። ደጃፉ ላይ የሚመልስ ሰው ካለ ንግድ ይሆናል፤ ከሌለ እንግዳው ይመለሳል። የኛ ገጽ በዚያ ሁሉ ሳምንት ጠያቂ አላጣም፤ ያጣው መልስ ነበር።

ከዚያ የደረቀውን ቆዳ አውርጄ ውኃ ውስጥ መልሼ ነከርኩት። ደህና ብራና አልወጣውም፤ ጥቂት ሸብሸብ ብሏል። ከሱ ላይ አንድ ቁራጭ ቆርጬ ለጌታሁን ላክሁለት፤ በክታቡ ፋንታ በኮቱ ጠርዝ ውስጥ ይስፋው ብዬ። ምንም አልጻፍኩበትም።

አሁን ስሙ የተመዘገበው በኔ ስልክ ነው። ጠዋት ጠዋት ለሚጠይቁኝ ሰዎች እመልሳለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ቆዳ እወጥራለሁ፤ ያኛውን ጫፍ ከምሰሶው ጋር አስረዋለሁ።